አፍ ሳይፈታ

አያቴ ማለዳ ከመኝታቸው ሲነሡ ጸሎታቸውን ሳያደርሱ ከማንም ጋር ቃል አይለዋወጡም ነበር። ቤታቸው በሰሜን ወሎ፣ በመርሳ ከተማ ዳር፣ የሀብሩ ወረዳ ማሽላ ሲያሽት ከአጥሩ በላይ በሚታይበት ስፍራ ነበረችና፣ ሲነጋጋ መጀመሪያ የሚሰማው ከማማው ላይ የወፍ ጠባቂው ወንጭፍ ነው። እኔ ልጅ ነበርኩና ውሃ ጠማኝ ብዬ ብነዘንዛቸው በዓይናቸው ወደ እንስራው ያመለክቱኝ ነበር እንጂ አንዲት ቃል አይወጣቸውም። ፊታቸውን ከቅል በሚያፈስሱት ውሃ ይታጠባሉ፤ ነጠላቸውን መስቀለኛ ያጣፋሉ፤ ወደ ምሥራቅ ዞረው በስመ አብ ብለው ያማትባሉ፤ ከዚያም ጸሎተ ሃይማኖቱ፣ አቡነ ዘበሰማያቱና የዕለቱ ውዳሴ ማርያም፣ ፊደል ካልቆጠሩ ባልቴት አፍ የሚወጣ በማይመስል ግዕዝ፣ እንደ ምንጭ ውሃ ሳይቋረጥ ይወርዳል። ሲፈጽሙ ወደ እኔ ዘወር ይሉና «እንደምን አደርህ ልጄ» ይሉኛል። ይህን ልማዳቸውን አፍ ሳይፈታ መጸለይ ይሉት ነበር።

አፍ መፍታት የሚለው ቃል በአማርኛችን ብዙ ሥራ አለበት። ሕፃን መናገር ሲጀምር አፉን ፈታ ይባላል፤ መጀመሪያ የለመደው ቋንቋ የአፍ መፍቻው ነው፤ ጧት እህል ያልቀመሰ ሰውም አፉን አልፈታም ይባላል። እኔ እያደር እንደ መሰለኝ፣ በአያቴ አነጋገር ውስጥ ሦስቱም ትርጕሞች ነበሩበት፤ ሰው በነጋ ቍጥር እንደ ሕፃን እንደ ገና አፉን የሚፈታ ፍጡር ነውና፣ የዕለቱ መጀመሪያ ቃሉ ቍጣ ከሆነ ቀኑን ሁሉ የሚናገረው ቋንቋ ቍጣ፣ ሐሜት ከሆነ ሐሜት፣ ምስጋና ከሆነ ምስጋና ይሆናል። የማለዳ ጸሎት የመንፈስ ዝግጅት ነው የሚባለውም በዚህ በኩል ሲመለከቱት ይገባል። የቀኑን መከራ የሚያግድ አጥር አይደለም፤ መከራውም ደስታውም ሲመጣ የምንቀበልበት ቋንቋ አስቀድሞ በአፋችን እንዲገኝ የሚያደርግ ልምምድ ነው።

ማለዳ ለዚህ ነገር የተመረጠ ሰዓት መሆኑን መጻሕፍት ይመሰክራሉ። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 16 እንደ ተጻፈው እስራኤል መናውን የሚለቅሙት በየማለዳው ነበር፤ ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ይቀልጥባቸው ነበርና የዘገየ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። ጌታም ገና ሌሊት ሳለ ተነሥቶ ወደ ምድረ በዳ ለጸሎት እንደ ወጣ ወንጌላዊው ማርቆስ በመጀመሪያው ምዕራፍ ጽፎታል። ነቢዩ ዳዊት በ118ኛው መዝሙር በቀን ሰባት ጊዜ እንደሚያመሰግን ስለ ተናገረ፣ ቤተ ክርስቲያናችን የምእመናንን ጸሎት በሰባት ጊዜያት ደንግጋለች፤ ፍትሐ ነገሥቱም በ14ኛው አንቀጽ ስለዚሁ ይናገራል። ጊዜያቱ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት ናቸው። በነግህ ሌሊቱን አሳልፎ ብርሃንን ስላሳየ አምላክ ይመሰገናል፤ ጌታ በጲላጦስ ፊት መቆሙም ይታሰባል። በሠለስት የመንፈስ ቅዱስ መውረድ፣ በቀትር ስቅለቱ፣ በተሰዓት ነፍሱን በፈቃዱ መለየቱ፣ በሠርክ መቀበሩ እየታሰበ እስከ መንፈቀ ሌሊት ይዘለቃል።

እዚህ ላይ የእኛ አገር ሰው ልብ ሳይለው የያዘው አንድ ሀብት አለ። ሠለስት ማለት ሦስት፣ ተሰዓት ማለት ዘጠኝ ነው፤ እኛም ጧት 3 ሰዓት ስንል በእውነት ሠለስት፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ስንል በእውነት ተሰዓት ነው። ምዕራባዊው ክርስቲያን ጌታ በዘጠኝ ሰዓት ነፍሱን ሰጠ የሚለውን ሲያነብ በራሱ ሰዓት ላይ ስድስት ጨምሮ ማስላት ይኖርበታል፤ የሀብሩ ገበሬ ግን ወደ ሰማይ ቀና ብሎ ፀሐይን ካየ ይበቃዋል። ሰዓታችን የሚጀምረው ከንጋት ነውና፣ የእጅ ሰዓት ያሰረም ያላሰረም ሰው ቀኑን የሚቈጥረው ከጸሎተ ነግህ ተነሥቶ ነው።

የጸሎተ ነግህ ሰዓት በከተማ ምን እንደሚመስል ወልድያ ታሳያለች። ወልድያ ከአዲስ አበባ 520 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ መቀሌ የሚሄደው መንገድ ወደ ጋሸናና ደብረ ታቦር ከሚታጠፈው በሚለይበት፣ በተራራ ተዳፋት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ቀድሞ የየጁ አውራጃ፣ አሁን የሰሜን ወሎ ዞን መቀመጫ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ በመናኸሪያው በር የቆመ ሰው ምን ያህል ጸሎት በአንድ ጊዜ እንደሚደርስ ይመለከታል። ከላይ ከደብሩ የኪዳኑ ደወል ይሰማል፤ ከታች ከመስጊዱ የሱብሒ አዛን ይመልሳል፤ ነጭ የለበሱ ሴቶች በጭለማው ውስጥ ጥላ መስለው ያልፋሉ፤ ረዳቱ «ደሴ! ደሴ!» እያለ ይጮኻል። አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል ከተሳፋሪው መካከል አንድ ሽማግሌ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይመርቃሉ፤ ግማሹ ያማትባል፣ ግማሹ መዳፉን ዘርግቶ ዱዓ ያደርጋል፤ ሁሉም ግን አሜን፣ አሚን ብሎ ይጨርሰዋል። ሾፌሩ ሞተሩን ያስነሣው ቀደም ብሎ ነው፤ ማርሹን የሚያስገባው ግን ከምርቃቱ በኋላ ነው።

ያ ደወል የሚጠራበት ጸሎተ ኪዳን፣ ጌታ ከትንሣኤው በኋላ ለሐዋርያት እንዳስተማራቸው የሚታመን፣ የመንፈቀ ሌሊት፣ የነግህና የሠርክ ክፍል ያለው ጸሎት ነው። ቅዳሴ በሌለበት ቀን እንኳ ካህናቱ ማለዳ ኪዳኑን ያደርሳሉ፤ ወንጌል ይነበባል፤ ምእመናንም መስቀል ተሳልመው፣ ጠበል ቀምሰው ወደየሥራቸው ይበተናሉ። ወደ ውስጥ ለመግባት ጊዜ ያጣ ሰው፣ ቅርጫቷን በጀርባዋ ያዘለችው ገበያተኛ ሳትቀር፣ ደጁን ስሞ ያልፋል። ይህን እንደ ጕድለት የሚቈጥሩ አሉ። እኔ ግን ደጁን የሳመችበት ቅጽበት፣ አንዳንዶቻችን ውስጥ ገብተን ሐሳባችን ገበያ ሲዞር ከምናሳልፈው ሰዓት ያነሰ ነው ብዬ ለመፍረድ አልደፍርም።

በቤት የሚጸልየው ሰው ደግሞ ዋና መጽሐፉ ዳዊት ነው። አማርኛችን ዳዊት ማንበብ አይልም፤ ዳዊት መድገም ይላል። ቃሉ ነገሩን በትክክል ገልጾታል፤ ሰው ይህን መጽሐፍ አንድ ጊዜ አንብቦ አይዘጋውም፤ ዕድሜውን ሁሉ ይመላለስበታል። ሊቃውንቱ 150ውን መዝሙር በዐሥር በዐሥር ከፍለው እያንዳንዱን ክፍል ንጉሥ ብለውታል፤ ስለዚህ መላው መጽሐፍ 15 ንጉሥ ነው። ይህም በሳምንቱ ዕለታት ተደልድሏል፤ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150 ይደገማል። እሑድ የነቢያት ጸሎትና መኃልየ መኃልይ ነው። ውዳሴ ማርያምም እንዲሁ ለሰባቱ ዕለታት የተከፈለ ነው። መዝሙራቱን በሳምንት የማዳረስ ሥርዐት የእኛ ብቻ አይደለም፤ በ6ኛው መቶ ዓመት በኢጣልያ የነበረው ቤኔዲክቶስም ለመነኮሳቱ 150ው መዝሙር በየሳምንቱ እንዲፈጸም ደንግጎ ነበር። ልዩነቱ በእኛ አገር ይህ ድልድል ከገዳም ወጥቶ የጭሰኛውም የባላባቱም የቤት ሥርዐት መሆኑ ነው። በነገራችን ላይ፣ የግዕዙ ዳዊት ቍጥር የሰብዓ ሊቃናትን ትርጕም ስለሚከተል፣ ከዕብራይስጡ ቍጥር ጋር በብዙ መዝሙራት ላይ በአንድ ይለያያል፤ ከላይ የጠቀስኩትን 118ኛ መዝሙር አንዳንዱ እትም 119 ቢለው አንባቢ አይደናገር።

ስለ ሰዓታት ጸሎት ከተነሣ የወሎው ልጅ አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ ሳይጠቀስ አይታለፍም። ከመርሳ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ፣ ከውርጌሳና ከውጫሌ ወዲያ በሚገኘው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ነበር የተማረው፤ ገዳሙ በ13ኛው መቶ ዓመት በአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን የሊቃውንት መፍለቂያ የሆነ ነው። በ14ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ላይ ወደዚያ የገባው ጊዮርጊስ፣ ገድሉ እንደሚተርከው፣ ትምህርት አልገባ ብሎት ከጓደኞቹ ወደ ኋላ የቀረ፣ በገዳሙም እህል በመፍጨት ያገለገለ ልጅ ነበር፤ በእመቤታችን ሥዕል ፊት አብዝቶ ከጸለየ በኋላ ጽዋዐ ልቡና ጠጥቶ አእምሮው በራለት ይባላል። እውነቱን የሚያውቅ አምላክ ነው፤ እኛ በእጃችን የምንይዘው ግን ሥራው አለ። መጽሐፈ ሰዓታት፣ አርጋኖን፣ መጽሐፈ ምሥጢር የእርሱ ናቸው። ሰዓታቱ እስከ ዛሬ በየአድባራቱ ሌሊት የሚቆመው ነው፤ አርጋኖኑም በሰባቱ ዕለታት ተከፍሎ በየቤቱ ይጸለያል። እኔን የሚደንቀኝ፣ የማስታወስ ችሎታ ተነፍጎ የነበረ ልጅ ለሌላው ሰው መታሰቢያ የሚሆን ሥርዐት ሠርቶ ማለፉ ነው። የሚረሳ ሰው ነው ሥርዐት የሚያስፈልገው ብሎ ያሰበ ይመስለኛል።

ከእርሱ በኋላ ሥርዐቱን ወደ ሕዝቡ ልብ ያስገባው የቄስ ትምህርት ቤት ነው። ልጅ ፊደል ቈጥሮ፣ መልእክተ ዮሐንስን በግዕዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ ተመላልሶ፣ በወንጌለ ዮሐንስ አልፎ ዳዊት ላይ ይደርሳል፤ ዳዊት የደገመ ዕለት በቤቱ ድግስ ይሆናል። ከዚህ ሌላ የቃል ትምህርት አለ፤ እርሱ ማታና ሌሊት፣ መብራት ሳይበራ የሚሰጥ ነው። የኔታ አንዷን ሐረግ ያወጣሉ፤ ልጆቹ በጭለማ ይቀበላሉ፤ የተሳሳተውን በድምፁ ለይተው ያውቁታል። ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ዳር እንደ ነበሩት እንደ ብዙ ሴቶች አያቴም ወደ ትምህርት ቤት ሳይገቡ ውዳሴ ማርያምን የያዙት ወንድሞቻቸው ሌሊት ሲቀጽሉ ከመደቡ ላይ ተኝተው በመስማት ነበር። በሰሜኑ ጦርነት ዘመን፣ ከ2013 ዓ.ም. ነሐሴ እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ፣ ወልድያና አካባቢዋ መብራትና ስልክ ተቋርጦባቸው በነበረ ጊዜ፣ ጸሎቱን በቃሉ የያዘ ሰው ጧፍ እንኳ ሳይፈልግ ያደርስ ነበር። በቃል የተያዘ ነገር ለክፉ ቀን ምን ያህል ስንቅ እንደሆነ የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው።

መጽሐፉም ቢሆን የራሱ ታሪክ አለው። በግዕዝ ፊደል መጀመሪያ የታተመው መጽሐፍ ሌላ ሳይሆን ይኸው ዳዊት ነው፤ ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ በሮም ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ፊደሉን ተምሮ በ1513 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በዚያው ከተማ አሳተመው። የአያቴ ባል የተዉት ዳዊት ግን የብራና ነው፤ አሁን በእኔ ዘንድ ይገኛል። ማኅደሩ ጠቍሮ እንደ ድንጋይ ደርቋል፤ ማንገቻው ከተበጠሰ በኋላ በበሬ ጠፍር ተቀጥሏል። የአምላክ ስም በቀይ ቀለም በተጻፈበት ሁሉ ቀዩ ደምቆ ሲታይ ጥቍሩ ፈዝዟል፤ የቅጠሎቹ የቀኝ ጠርዝ የጣት ወዝ ስለ ጠጣ ቡናማ ሆኗል፤ 50ኛው መዝሙር ላይ፣ ዳዊት በኃጢአቱ የተጸጸተበት ገጽ፣ የጧፍ ሰም ሦስት ቦታ ጠብ ብሎበታል። በዚህ ገጽ ላይ የአያቴ ባል ብዙ ቆመዋል ብዬ እገምታለሁ፤ ምን አድርገው እንደ ነበረ የነገረኝ ሰው የለም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

አሁን ደግሞ ስለሚያስነቅፈን ነገር ልናገር። የማለዳ ጸሎትን የሚያበላሹ ሁለት ልማዶች በመካከላችን አሉ። አንደኛው ጥድፊያ ነው፤ ሠላሳውን መዝሙር ለመጨረስ ቃሉን እየዋጡ፣ ትንፋሽ እየነጠቁ መሮጥ። እኔም በወጣትነቴ በዚህ በደል ውስጥ ነበርኩ፤ የሰኞን ድርሻ በስንት ደቂቃ እንደምፈጽም በእጅ ሰዓቴ እለካ ነበር፤ ከፈጸምኩ በኋላ ምን እንዳልኩ ብጠየቅ ግን መልስ አልነበረኝም። ሁለተኛው ጸሎትን እንደ ክታብ መያዝ ነው፤ ካልደገምኩ ቀኔ ይበላሻል፣ ከደገምኩ ምንም አይነካኝም የሚል እምነት። ይህ ከአምላክ ጋር መነጋገር ሳይሆን ከዕድል ጋር መዋዋል ነው። ለሁለቱም መድኃኒቱ ማስተዋል ይመስለኛል። ግዕዙ የማይገባው ሰው አማርኛውን ቢደግም ነውር የለበትም፤ በ1954 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ለዚህ ሲባል የተዘጋጀ ነው፤ ግዕዙንና አማርኛውን ጎን ለጎን የያዙ የጸሎት መጻሕፍትም በየደብሩ ደጅ ይሸጣሉ። ወንጌላውያን ወንድሞቻችን የጽሞና ጊዜ በሚሉት የማለዳ ልማዳቸው ጥቂት ቍጥር አንብቦ በዚያ ላይ ማሰላሰልን ያስቀድማሉ፤ ከእኛ ብዛቱን፣ ከእነርሱ ዝግታውን ብንቀያየር አንዱም ወገን የሚጎዳ አይመስለኝም።

ስለ ማስተዋል ካነሣሁ አያቴ ያደረጉትን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ጎረቤታቸው እስላም ነበሩ፤ እንደ አገሩ ልማድ ሁለቱ እንደ እኅትማማች ይኖሩ ነበር። ጎረቤትዮዋ ሱብሒያቸውን ሰግደው እሳት ሊጭሩ ሲመጡ አያቴ ጸሎት ላይ ከሆኑ አይጣሩም፤ የእሳት መጫሪያውን ገል ይዘው ከደጁ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ፤ አሜን የሚለውን ሲሰሙ ነው «እንዴት አደርሽ» የሚሉት። አንድ ጊዜ የጎረቤትዮዋ ፍየል አጥር ጥሳ አያቴ ለጠላ ያሰጡትን ብቅል በላችና ተቀያየሙ። ሁለት ቀን እሳት የሚጭር አልመጣም። በሦስተኛው ጧት አያቴ ቆመው ጸሎታቸውን ጀመሩ፤ አቡነ ዘበሰማያት ላይ፣ ይቅር ስለ መባባል ከሚናገረው ስፍራ ሲደርሱ ቆሙ። እንደ ገና ከመጀመሪያው ጀመሩ፤ እዚያው ስፍራ ላይ እንደ ገና ቆሙ። ሦስተኛ ጊዜም እንዲሁ ሆነ። ከዚያ በኋላ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ወደ ምድጃው ጎንበስ አሉ፤ ፍም በገል አፍሰው፣ አመድ ነስንሰውበት፣ ከአጥሩ ወዲያ ተሻገሩ። ምን እንደ ተባባሉ አልሰማሁም፤ ነገር ግን አፋቸውን ሳይጸልዩ የፈቱበትን ያን አንድ ቀን አስታውሳለሁ። ሲመለሱ እጃቸውን ታጥበው ከበስመ አብ ጀመሩ፤ በዚያ ቀን ጸሎቱ ያለ ወትሮው ቶሎ አለቀ።

ይህን ልማድ ለመጀመር የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያሰናክለው ብዛቱ ነው። የነፍስ አባቶች ግን ለጀማሪ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይጭኑም፤ የዘወትሩን ጸሎት ጧትና ማታ ያደርስ ዘንድ ያዛሉ፤ ከዚያ የዕለቱ ውዳሴ ማርያም፣ ከዚያ ከዳዊት አንድ መዝሙር፣ እያለ ወደ አንድ ንጉሥ ያድጋል። መስገድ የሚችል ይስገድ፤ በእሑድና ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ግን ስግደት የለም። የታመመ ተቀምጦም ሆነ ተኝቶ ይጸልያል። ሥራው ሌሊት የሚያስነሣው ሾፌር በመሪው ላይ ሆኖ በልቡ ያደርሳል፤ የምታጠባ እናትም ሕፃኗን በጡቷ ይዛ። ስልክ ላይ ዳዊት ያለው ሰው ከስልኩ ይድገም፤ መልእክቱንና ወሬውን ግን ከጸሎቱ በኋላ ይክፈተው፤ የአፍ መፍቻው ማን እንደ ሆነ የሚለየው እዚያ ላይ ነውና።

ብዙዎች እንዲህ ያለውን ነገር ከመጪው ሰኞ፣ ወይም ከአዲስ ዓመት፣ ወይም ከጾም መያዣ ለመጀመር ይቀጥራሉ። አንባቢዬ ይህን ጽሑፍ የሚፈጽመው ረቡዕ ማታ ከሆነ ሰኞን አይጠብቅ። የሐሙስ ድርሻ ከ81ኛው መዝሙር ይጀምራል።